የጎንደር ነገሥታት ይዘውት ይዘምቱ የነበረው ሥዕል ፖርቱጋል ምን ይሠራል? የኩርዓተ ርእሱ ጉዳይ

በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1872) የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ደብዳቤ ጻፉ። ንጉሡ ከአራት ወር በፊት ሁለት ነገር ጠይቀዋቸው ነበር። አንዱ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ ነው። ሌላው ኩርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ነው። የመልሱ ጭብጥ ባጭሩ ይህ ነው፦ መጽሐፉ ተገኝቷል፣ ልከናል፤ የሥዕሉን ግን ዱካውንም አላገኘንም፣ ወደ እንግሊዝ አገር መጥቷል ብለንም አናስብም።

ሥዕሉ እንግሊዝ አገር ነበር። ያውም የንግሥቲቱ የራሳቸው የዊንዘር ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እጅ!

ይህን ታሪክ የጎንደር ልጅ ሁሉ ሊያውቀው ሲገባ አብዛኞቻችን አናውቀውም። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከደርቡሽ ስላዳኑት ንቦች የማይተርክ አስጎብኚ የለም። ፋሲል ግቢ ውስጥ የትኛው ንጉሥ የትኛውን ግንብ እንደሠራ ሕፃን ሳይቀር ይዘረዝርልሃል። ከእነዚያ ግንቦች ወጥቶ ጦር ሜዳ ሲውል ስለኖረውና አሁን አውሮፓ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ እጅ ስላለው ሥዕል ሲነሣ ግን ወሬው ይቆማል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ልተርከው ነው። (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ምን ዓይነት ሥዕል ነው?

በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተሣለ ትንሽ የቅብ ሥዕል ነው። የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስ ይታይበታል። ጌታ በዕለተ ዓርብ ራሱን በሸንበቆ መመታቱን የሚያስታውስ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የሥዕል ታሪክ አዋቂዎች እንደሚሉት በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተሠራ ነው፣ አሣሣሉም የፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ) ሠዓሊዎችን መንገድ የተከተለ ነው። ሠዓሊው ማን ነው በሚለው ላይ ግን እስካሁን ይከራከራሉ። አንዳንዱ ፍላንደርሳዊ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የፍላንደርስን ስልት የተማረ ፖርቱጋላዊ ነው ይላል። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ አብሯቸው ላዛሮ ደ አንድራዴ የሚባል ሠዓሊ ነበር፤ ስሙን ከዚህ ሥዕል ጋር የሚያያይዙትም አሉ።

የእኛ ትውፊት ሌላ ነው። ኩርዓተ ርእሱን የሣለው ዮሐንስ ወንጌላዊ ነው፣ ወደ ኢትዮጵያም የገባው በዐፄ ዳዊት ዘመን ከግማደ መስቀሉ ጋር ነው ይባላል። የግሸን ማርያምን ታሪክ የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ የሰማው ቅዱስ ሉቃስ ሣለው የሚለውን ነው። ብሩስ በመጽሐፉ ላይ ይህ ሥዕል ለትልቅ ጉዳይ ካልሆነ በቀር እንደማይወጣ፣ በተለይ ክርስቲያን ካልሆነ ጠላት ጋር ጦርነት ሲሆን ከሠራዊቱ ጋር እንደሚሄድ ጽፏል።

እምነቱን ለመንካት አይደለም፣ ግን ለዚህ ጉዳይ ወሳኙ ነገር ሠዓሊው አይመስለኝም። ወሳኙ ነገር ሰዎች በሥዕሉ ያደረጉት ነው። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ውስጥ ስሙ ከዘመቻ ጋር ይነሣል። ንጉሥ ሲዘምት ይዞት ይወጣል። መኳንንቱ ለንጉሡ ታማኝ ለመሆን በፊቱ ይምላሉ። በዚህ ሥዕል ፊት ምሎ የከዳ ሰው የከዳው ንጉሡን ብቻ አይደለም። ልክ እንደ ዘውዱና እንደ ነጋሪቱ የመንግሥቱ አንድ አካል ነበር ማለት ነው። እንግሊዞቹ በኋላ አንድ የድሮ ሥዕል ብለው ሲያዩት ያልገባቸው፣ ወይም እንዳልገባቸው የሆኑት፣ ይህንን ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲማረክ

ሥዕሉ ከጎንደር ነገሥታት እጅ የወጣው መጀመሪያ በእንግሊዝ አይደለም። የመጀመሪያው በ1744 ነው።

ዙፋኑ ላይ ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ነበሩ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ። ብሩስ እንደሚተርከው ጎንደሬ በንጉሡ ላይ ማሾፍ ጀምሮ ነበር። ግንብ ማስጌጥና አደን ይወዳሉ፣ እንደ አያታቸው እንደ ታላቁ ኢያሱ ግን አይዘምቱም ተባለ። የሽሙጥ ጽሑፍ ሁሉ ወጣባቸው። የጎንደር ሰው ሲያሾፍ ምን ያህል አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ንጉሡ ተናደዱ፣ ጦር አስከተቱ፣ ዛሬ ሱዳን በምትባለው አገር ወደ ነበረው ወደ ስናር መንግሥት ዘመቱ። ኩርዓተ ርእሱም አብሮ ወረደ።

ዘመቻው መዓት ሆነ። ዲንደር ወንዝ አጠገብ የስናሩ ንጉሥ የባዲ ጦር የኢትዮጵያን ሠራዊት መታው። ብዙ ሰው አለቀ። ሥዕሉ ተማረከ፤ አብሮትም የግማደ መስቀሉ ቁራጭ ተማረከ። ጎንደር ካለቀው ጦር እኩል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ለሥዕሉ አለቀሰች። በመጨረሻ ንጉሡ በወርቅ አስለቀቁት። ብሩስ የጻፈው ዋጋ 8,000 ወቄት ወርቅ ነው። ቁጥሩ ቢጋነን እንኳ የሚናገረው ነገር አለ። የአንድ ትንሽ ሰሌዳ ቤዛ በሺህ ወቄት ተቆጠረ፣ ሲመለስም ከተማው በደስታ ተቀበለው።

የስናር ሰዎች ማርከውት ነበር፣ በቤዛ መለሱት። ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለቱም ወገን ምን እንደተወሰደ፣ ማን እንደወሰደው፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ያውቃል። ከ124 ዓመት በኋላ የሆነው እንዲህ ግልጽ አልነበረም።

ከጎንደር እስከ መቅደላ

እዚህ ላይ እኛ ጎንደሬዎች የማንወደው ክፍል አለ፣ ግን ካልተነገረ ታሪኩ ጎደሎ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የቋራው ካሣ ናቸው፣ የኛው ናቸው። ሐውልታቸው ፒያሳ መሐል ቆሟል። እሳቸውም በ1866 ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተሰበሰቡት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት መቅደላ ገቡ። እዚያ ለሚተክሉት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አስበውት ነበር ይባላል። አስበውም ይሁን ተቆጥተው፣ የጎንደር ቅርስ አንድ አምባ ላይ ተከማቸ። ሌባ ያን ሁሉ አገር ለአገር ዞሮ ከመልቀም ዳነ ማለት ነው። ኩርዓተ ርእሱም በመጨረሻ የተገኘው መቅደላ ላይ፣ ከንጉሡ መኝታ በላይ ተሰቅሎ ነው።

የቴዎድሮስን ፍጻሜ ሁሉም ያውቀዋል፣ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። የትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1868) የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሲሰብር ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። ከዚያ ዘረፋው ተጀመረ። አብሮ የነበረው ጋዜጠኛ ስታንሊ አይቶ ጽፎታል፤ ወታደሩ መስቀሉን፣ ጽዋውን፣ ብራናውን፣ ምንጣፉን እየተሻማ ነበር። የተዘረፈው ተሰብስቦ ወደ ደላንታ ሜዳ ሲወርድ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎታል። እዚያም ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ተደረገ፣ 5,000 ፓውንድ ያህል ገቢ ሆነ፣ ለወታደሩ ተከፋፈለ።

በዚህ ጨረታ ላይ ዋናው ገዢ ሪቻርድ ሆልምስ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ።

ሆልምስ

ሆልምስ ወታደር አይደለም። የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ነው፣ የብራና ክፍል ረዳት። ጦሩ ወደ አቢሲኒያ ሲንቀሳቀስ ሙዚየሙ በቅርስ አዋቂነት አብሮ እንዲሄድ ላከው። እንዲገዛበትም 1,000 ፓውንድ ያዘ። ሌላው ገዢ ሁሉ የኪሱን ሲቆጥር እሱ የመንግሥት ገንዘብ ይዞ ነው የቆመው። ከመቅደላ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል። የወርቁን ዘውድና የወርቁን ጽዋም ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ እንደገዛ ተጽፏል። አራት ፓውንድ!

ያን ቀን ሌላም ነገር አድርጓል። ቴዎድሮስ ሞተው ተዘርግተው ሳሉ ፊታቸውን በእርሳስ ነድፏል፣ ንድፉም ለንደን በጋዜጣ ታትሟል። እዚያው አምባ ላይ ኩርዓተ ርእሱን ወሰደ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ከሌላው የመቅደላ ዘረፋ ብዙም አይለይም። የሚለየው ቀጥሎ ባለው ነው። ሆልምስ ብራናዎቹን ለሙዚየሙ አስረከበ። ሥዕሉን ለራሱ አስቀረ።

አስቡት እስቲ። የተላከው ለሙዚየም ነው። ደመወዙም፣ የያዘው ገንዘብም የሙዚየም ነው። እዚያ ያገኘውን ከሁሉ የከበረ ነገር ግን ለሙዚየሙ አላስገባም። በኢትዮጵያ ሕግ ሌባ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በራሱ አገር ሥነ ሥርዓት ቢታይ ራሱ አሠሪውን ሸውዷል። ስለ መቅደላ ሲጻፍ ሁሌ «እንግሊዝ ዘረፈች» ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን እዚህ ውስጥ አንድ ሰው ዘራፊውንም ጭምር እንደሰረቀ ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

በ1870 ሆልምስ እድገት አገኘ። የዊንዘር ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ።

በ1871 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን ስለ መቅደላው ዘውድና ጽዋ በፓርላማ ሲናገሩ፣ እነዚህ ነገሮች ከአቢሲኒያ መውጣታቸው እጅግ እንደሚያሳዝናቸው፣ ለምን እንደተወሰዱም እንደማይገባቸው ገልጸው ነበር። ቅሬታው ለንደን ውስጥ በግልጽ ይነገር ነበር ማለት ነው። ሆልምስ ያን ጊዜም ዝም።

በጥር 1864 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1872) ዐፄ ዮሐንስ አክሱም ላይ ነገሡ። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ገና ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው፣ ደብዳቤውን ላኩ። ክብረ ነገሥትን የጠየቁበት ምክንያት በጣም ተግባራዊ ነው፤ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቤ ትእዛዜን አይቀበልም የሚል ነው። ሥዕሉንም አብረው መጠየቃቸው ከዚያ ጋር አንድ ላይ የሚታይ ነው። አዲስ የነገሠ ሰው፣ ከትግራይ የተነሣ፣ ጎንደርንም ጎጃምንም ሸዋንም በአንድ ሊያስገዛ የሚፈልግ፣ መኳንንቱ በምን ፊት ይማሉለት? እሳቸው የፈለጉት ለግድግዳ የሚሆን ጌጥ አይደለም።

ብሪቲሽ ሙዚየም ቤቱን ፈተሸ። ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂ ነበረው፣ አንዱን መለሰ። ስለ ሥዕሉ ሲጠየቅ የለኝም አለ፣ በእርግጥም አልነበረውም። ንግሥቲቱም ይህን ይዘው ነው የመለሱት። እሳቸው አውቀው ዋሹ ማለት አልችልም፣ አይመስለኝምም። ሥዕሉ የት እንዳለ በእርግጥ የሚያውቀው ሰው ግን የእሳቸውን መጻሕፍት የሚጠብቀው ሰው ነው።

አንድ ቃል ቢተነፍስ ይበቃ ነበር። ክብረ ነገሥት እንደተመለሰ ሥዕሉም አብሮ ሊመለስ ይችል ነበር፤ የእንግሊዝ መንግሥት ያን ጊዜ ለመመለስ ፈቃደኛ እንደነበረ መጽሐፉ ራሱ ምስክር ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እንደሚባለው፣ ሆልምስ አፉን ዘጋ፣ ሥዕሉን ያዘ።

ወሬው የወጣው ዐፄ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ነው። ጠያቂው ሞቷል፣ የሚመልስለት ሰው የለም። በ1905 በርሊንግተን የተባለው የእንግሊዝ የሥዕል መጽሔት ፎቶውን አወጣው። ከፎቶው ጋር የተጻፈው ነገር የሚገርም ነው፤ ቀድሞ የአቢሲኒያው ንጉሥ የቴዎድሮስ ንብረት የነበረ፣ አሁን በሰር ሪቻርድ ሆልምስ እጅ ያለ ይላል። ሰር! ማዕረግ ተሰጥቶታል። ከጎኑ ለምን እንዳልተመለሰ፣ ንጉሥ ጠይቆት እንደነበረ የሚል ነገር የለም። ሆልምስ በ1911 ሞተ። ማንም አልጠየቀውም።

ከጨረታ ወደ ጨረታ

የቀረው ታሪክ ቶሎ ያልቃል። በ1917 ሥዕሉ ለንደን ክሪስቲስ በሚባለው የጨረታ ቤት ተሸጠ። በ1950 እዚያው እንደገና ቀረበ። ያን ጊዜ የገዛው ሉዊዝ ሬይስ ሳንቶስ የሚባል ፖርቱጋላዊ የሥዕል ታሪክ ምሁር ነው። ሥዕሉ የፖርቱጋል ሠዓሊ ሥራ ነው የሚል አቋም ነበረውና ለምን እንደፈለገው መገመት አይከብድም። አገሩ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ከሕዝብ ዓይን ጠፋ።

በ1998 አርት ኒውስፔፐር የተባለው ጋዜጣ ላይ ማርቲን ቤይሊ የተባለ ጋዜጠኛ ሥዕሉ ፖርቱጋል ውስጥ በግል እጅ እንዳለ ገለጸ፣ የቀለም ፎቶውንም አወጣ። ከመቅደላ ከወጣ 130 ዓመት ሆኖት ማለት ነው ኢትዮጵያውያን የሥዕሉን መልክ በቀለም ያየነው። በዓመቱ ሪቻርድ ፓንክረስትና ሌሎች የመቅደላ ቅርሶች ይመለሱ የሚለውን ማኅበር፣ አፍሮሜትን፣ ሲያቋቁሙ ይህ ሥዕል በጥያቄው ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ነበረው።

ጉዳዩ የት ላይ ነው የተቆለፈው?

ብዙ ሰው ስለ መቅደላ ቅርስ ሲያወራ ብሪቲሽ ሙዚየም ላይ ይጮኻል። ይገባል። እዚያ 11 ታቦታት ለሰው ሳይታዩ ተቀምጠዋል፣ ሙዚየሙም የአገሬ ሕግ አይፈቅድልኝም እያለ ይከራከራል። ሙዚየም ግን ቢያንስ አድራሻ አለው። ደብዳቤ ትጽፍለታለህ፣ በር ላይ ትሰለፋለህ፣ ፓርላማ ውስጥ ጥያቄ ይነሣበታል፣ ጋዜጣ ያፋጥጠዋል። መልስ ባይሰጥ እንኳ ዝም ማለቱ ራሱ ይታያል።

ኩርዓተ ርእሱ ያን ዕድል አላገኘም። ሆልምስ ለራሱ ባስቀረው ቅጽበት ሥዕሉ ከመንግሥት ጉዳይ ወጥቶ የግለሰብ ንብረት መሰለ። የሞተው ሰው ቤተሰብ ይሸጠዋል፣ የገዛው ይሸጠዋል፣ ሌላው ይገዛዋል። እያንዳንዱ ገዢ «እኔ በገንዘቤ ነው የገዛሁት» ይላል፣ ያለውም በአውሮፓ ሕግ ፊት ክብደት አለው። ሽያጭ በተደጋገመ ቁጥር የመጀመሪያው ስርቆት ይርቃል። ለዚህ ነው የ1868ቱ ዘረፋ ሳይሆን የ1872ቱ ዝምታ ነው ዋናው ወንጀል የምለው። ዘረፋው ላይ ሺህ ሰው ነበረ። ዝምታው የአንድ ሰው ነው፣ ሊስተካከል በሚችልበት ሰዓት የተደረገ ነው፣ ሥዕሉንም እስከዛሬ ያሰረው እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ይህን ለአንድ መሪጌታ ሳወራቸው «ታዲያ ልጄ፣ ሥዕሉስ ቢሆን የፈረንጅ እጅ አይደል የሣለው፣ ወደ አገሩ ገባ እንጂ ምን ሆነ?» አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፣ የምራቸውን ነው። ክርክሩ ሌላ ቦታም ይሰማል፣ ፖርቱጋላዊ ሠዓሊ ከሆነ ፖርቱጋል መኖሩ ምን ነውር አለው የሚል። ነውሩ ይህ ነው፦ ጳጳሱ ከግብፅ መጡ ብለን ቤተ ክርስቲያናችንን ግብፃዊት ናት ብለን አልመለስንም። ሥዕሉ አውሮፓ የተሠራበት ጊዜ ምናልባት ጥቂት ወራት ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ነው። ስም ያወጣንለት እኛ ነን። የማልንበት፣ የሞትንለት፣ በወርቅ የዋጀነው እኛ ነን። ፖርቱጋል ውስጥ ያ ሰሌዳ ከሌሎች የዘመኑ ሥዕሎች መሐል አንዱ ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

ሌላው ክርክር የሚከብደው ነው። ቴዎድሮስ ራሳቸው የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ዘርፈው መቅደላ አልሰበሰቡም ወይ? ሰብስበዋል። ይህን የሚያነሣ እንግሊዛዊ ጸሐፊ አይጠፋም፣ አንዳንዴም ዝርፊያቸውን ለማቅለል ያነሡታል። ግን ቅርሱ መቅደላ ላይ ሳለ የአንድ አገር ንጉሥ ከአንድ አምባ ወደ ሌላ አምባ ያዛወረው ንብረት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ንጉሥ ይመልሰዋል፣ ወይ ይጣላበታል፣ ወይ ይማልበታል። የቤት ጣጣ ነው። ለንደን ከገባ በኋላ የቤት ጣጣ መሆኑ ቀረ። እኔ ቴዎድሮስን በጎንደር ቃጠሎ አልምራቸውም፣ ሆልምስን ግን በቴዎድሮስ ጥፋት ነጻ ማውጣት አይቻልም።

መዘንጋት የሌለበት አንድ ነገር አለ። የጎንደር ሠዓሊዎች ይህን ሥዕል ደጋግመው ቀድተውታል። የጎንደር ዘመን ብራናዎችንና የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎችን ብታዩ፣ የእሾህ አክሊል የደፋው ፊት በየቦታው ነው። ዝም ብለው አልቀዱትም ደግሞ። እሾሁን አስረዘሙት፣ ሹል አደረጉት፣ ከግራና ከቀኝ አክሊሉን በራሱ ላይ የሚመቱ ሁለት ሰዎች ጨመሩ፣ ደሙን በፊቱ ላይ አወረዱት፣ ዓይኑን እንደኛ አሣሣል አሰፉት። አንድ የውጭ ሥዕል የአገሩ ሥዕል የሆነው እንዲህ ነው። የሥዕል ታሪክ ተመራማሪው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ይህን ጉዳይ ለብቻው አጥንቶታል። ስለዚህ ዋናው ጠፋ እንጂ መልኩ አልጠፋም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ሳያውቀው አይቶታል።

አሁንስ ምን ይደረግ?

ሥዕሉን ለመመለስ ሁለት በር መከፈት አለበት። አንዱ ባለቤቶቹ ናቸው። ሌላው የፖርቱጋል መንግሥት ነው፤ እንደ ቅርስ ስለሚቆጥረው ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ባለቤት ቢስማማ መንግሥት ሊከለክል ይችላል፣ መንግሥት ቢፈቅድ ባለቤት ዋጋ ሊጠራ ይችላል። ለዚህ ነው «ይመለስልን» ብሎ ለእንግሊዝ መጮህ እዚህ ላይ ብዙም የማይሠራው። መነጋገር ያለብን ከሊዝበን ጋር ነው፣ እንግሊዝን የምንፈልጋት ለምስክርነት ነው፤ የ1872ቱን ደብዳቤ የጻፈው መንግሥት ዛሬ ተነሥቶ «ያ መልስ ስህተት ነበር፣ ሥዕሉ የኛ ሹም እጅ ነበር» ቢል፣ ለፖርቱጋል ጥሩ ምክንያት ይሆናታል። ይህ እስካሁን በቂ ግፊት የተደረገበት አይመስለኝም። ሰበብ የለውም፣ ወጪ የለውም፣ ሙዚየሙ የሚያጣው ዕቃም የለም።

ከግል እጅ የተመለሰ ነገር የለም እንዳትሉ። ኤድንብራ ውስጥ ቅዱስ ዮሐንስ በሚባል ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ታቦት ተገኝቶ በ2002 በፈቃዳቸው መለሱት። አዲስ አበባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። በ2021 ደግሞ ከመቅደላ የወጡ ዕቃዎች እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ ቀርበው ኢትዮጵያ ስትቃወም ከጨረታው ወጡ፣ አንድ ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ አስረከበ። ሁለቱም መንገዶች ለኩርዓተ ርእሱ ይሆናሉ። አንዱ ልብ ይፈልጋል፣ አንዱ ገንዘብ ይፈልጋል። በ1744 የከፈልነው በወርቅ ነው፤ የገዛ ንብረትን መግዛት የሚያም ነገር ቢሆንም ኢያሱ አላፈሩበትም።

ቢመጣስ የት ይቀመጥ? እዚህ ላይ እርስ በርሳችን መጣላታችን አይቀርም። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ይሁን የሚል አለ። ግሸን ነው ቤቱ የሚል ይነሣል። ሙዚየም ምን በወጣው፣ ቤተ መቅደስ ይግባ የሚሉ ካህናት ይኖራሉ፣ ቤተ መቅደስ ከገባ ማን ያየዋል የሚሉም ይኖራሉ። የኔን ብትጠይቁኝ ጎንደር ነው። ነገሥታቱ ከዚህ ነው ይዘውት የሚወጡት፣ ከስናር ሲመለስም የገባው እዚሁ ነው። እርግጥ እንጨት ላይ የተሣለ የአምስት መቶ ዓመት ቅብ ነው፣ እርጥበቱና ሙቀቱ የተመጠነ ክፍል ይፈልጋል፣ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ጥገና የተማረ ሰው ይፈልጋል። ፋሲል ግቢ ውስጥ ዛሬ እንዲህ ያለ ክፍል የለም። ጥያቄውን ለሊዝበን ከማቅረባችን በፊት ይህን ክፍል መሥራት እንችላለን፣ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም።